ቆብ ያለ አመክሮ አይደፋም

በጎንደር «ቆብ» ሲባል መጀመሪያ ወደ ልብ የሚመጣው ምንኩስና ነው። በአርባ አራቱ ታቦት አገር ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች፣ ባሏን አፈር ያለበሰች እናት «ዓለም በቃኝ» ብላ ቆብ ስትደፋ የሚደነግጥ የለም። ቆብ ደፋች ማለት ከእንግዲህ ወንድ አታውቅም፣ ከእንግዲህም አትወልድም ማለት ነው። እንግዲያውስ፣ ድፍረት ካልሆነብኝ፣ መውለድን የሚያቆም ቆብ ለአገራችን ሴት እንግዳ አይደለም። እንግዳው ነገር ከባሏ ሳትለይ የምትደፋው ሌላ ቆብ መኖሩ ነው።

የምናገረው ፈረንጆች «ሰርቪካል ካፕ» ስለሚሉት፣ እኛ የማኅፀን በር ቆብ ብንለው ስለሚያስኬደን የወሊድ መከላከያ ነው። ከጎማ ወይም ከሲሊኮን የሚሠራ ትንሽ ቆብ ነው። ሴቲቱ የወንድ ዘር የሚገድል ቅባት ትቀባውና በገዛ ጣቷ አስገብታ የማኅፀኗን በር ትከድንበታለች። ከግንኙነት በኋላ ቢያንስ 6 ሰዓት እዚያው ይቆያል፤ በጠቅላላው ግን ከ48 ሰዓት ማለፍ የለበትም። አውጥታ፣ አጥባ፣ አድርቃ ታስቀምጠዋለች፤ እንደገና ያገለግላታል። ልኩ አንድ ጊዜ በባለሙያ ከታየላት ወዲያ ማስገባቱም ማውጣቱም የእሷ ነው።

ብዕሬን ያስነሳኝ ግን ቆቡ አይደለም። የቆቡ ነገር ሲነሳ የሚሰማው መልስ ነው። «ይኸማ ለከተማ ሴት ነው። የገጠሯ አይገባትም፤ ለእሷ መርፌው ይበቃታል» ይባላል። ይህን የሚሉት የተማሩ ሰዎች ናቸው። ክፋት ኖሯቸውም አይደለም። እኔ ግን የምጣላው ከዚህች «ይበቃታል» ከምትባል ቃል ጋር ነው። ለመሆኑ ለሌላ ሰው ማኅፀን የሚበቃውን የሚቆርጥ ማን ነው?

ቆቡን አልሸጥም

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ቆቡን ላሻሽጥ አልመጣሁም። ሸቀጡ ደካማ መሆኑን ከማንም በፊት እኔ እናገራለሁ። ወልደው ከማያውቁ ሴቶች መቶዎቹ ዓመቱን በቆብ ቢጠቀሙ 14 ያህሉ ያረግዛሉ። ከወለዱት ከመቶ 29 ያህሉ ያረግዛሉ። በሦስት ወር መርፌ የሚያረግዙት ከመቶ 4 ያህል ናቸው፤ በክንድ በሚቀበረው ደግሞ ከመቶ አንዲት እንኳ አትሞላም። ቆቡ ከኤች አይ ቪም አያድንም። በዚህ ላይ የበየዳንና የጃናሞራን ኑሮ አስቡት። ውኃ ከሩቅ በጀርባ ይመጣል፤ ባልና ሚስት፣ ልጆችና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ቆብ የሚታጠብበት ጓዳ፣ የሚደበቅበት ሳጥን የት አለ? አራት ልጅ ለወለደች የሰሜን ተራራ እናት ቆብ ስጡልኝ ብዬ ብከራከር ሞኝነት ነው።

ታዲያ ስለ ቆብ ምን አስወራኝ? ቆቡ አንድ ሌሎቹ የሌላቸው ጠባይ አለው። ሳይጠይቁ ሊሰጡት አይቻልም።

ታሪኩን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1838 ፍሪድሪክ ቪልደ የተባለ የበርሊን ሐኪም የእያንዳንዷን ሴት የማኅፀን በር ቅርጽ በሰም እየወሰደ በልኳ ከጎማ ቆብ ያሠራላት ነበር። ከ165 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው «ፌምካፕ» የሚባለው የሲሊኮን ቆብ ሦስት ልክ አለው። አርግዛ ለማታውቅ 22 ሚሊ ሜትር፣ አርግዛ በማኅፀን በር ላልወለደች 26፣ ለወለደች 30። ስለዚህ ቆቡን የሚሰጠው ሰው ሳይወድ በግዱ «እህቴ፣ አርግዘሽ ታውቂያለሽ? ወልደሻል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ተቀባይዋም የገዛ አካሏ እንዴት እንደ ተሠራ ካላወቀች ቆቡን ልታስገባው አትችልም። ቆብ ያለ ጥያቄና ያለ ትምህርት ከንቱ ጎማ ነው።

መርፌው ግን እንዲህ አይደለም። ክንድ ካለ ይበቃዋል። አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ፣ ስም እንኳ ሳይጠያየቁ ተወግቶ መሄድ ይቻላል። የመርፌው ጥንካሬ ይኸው ነው፤ ፈተናውም ይኸው ነው።

መርፌውን ማን አመሰገነው?

እኔ መርፌውን አልረግምም። እንዲያውም ለሰሜን ጎንደር ሴት የዋለው ውለታ ቀላል አይደለም። ባሏ «ልጅ የእግዜር ስጦታ ነው» ብሎ የሚገዘግዛት፣ አማቷ «ማኅፀንሽ ደረቀ ወይ?» እያለች የምትነዘንዛት ሴት በገበያ ቀን ቅቤዋን ይዛ ወጥታ፣ በጤና ጣቢያው በኩል አልፋ፣ ምንም ምልክት ሳይታይባት ወደ ቤቷ የምትመለሰው በመርፌው ነው። ካርዷን እህል ጎታ ውስጥ ትሸሽገዋለች ወይም ጎረቤት ታስቀምጠዋለች። ይህን ያህል ምሥጢር የሚጠብቅላት ሌላ መድኃኒት ለማግኘት ይቸግራል።

አገሪቱም የሄደችበት መንገድ የሚናቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ዓ.ም. ሲመሠረት የወሊድ መከላከያ ነገር በሹክሹክታ የሚነገር ነበር። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ከባለ ትዳሮች መካከል ተጠቃሚው ከመቶ 4 ብቻ መሆኑን ተቀብሎ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ድረስ ወደ 44 ለማድረስ፣ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደውን አማካይ ቁጥር ደግሞ ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ ዐቀደ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የተጠቃሚዎችን ቁጥር በአገር ደረጃ ከመቶ 36 አድርሶታል። በአማራ ክልል በዘመናዊ ዘዴ ብቻ የሚጠቀሙት ባለ ትዳሮች ከመቶ 47 ነበሩ። ከአርባ ዓመት በፊት ይህን ቢነግሩት ማን ያምን ነበር?

ነገር ግን ከዚያው ጥናት ሌላ ቁጥር አለ፤ በአደባባይ ሲነገር ብዙ አይሰማም። በአገር ደረጃ በዘመናዊ ዘዴ ከሚጠቀሙት ከመቶ 35 ባለ ትዳር ሴቶች ውስጥ 23ቱ የያዙት መርፌውን ነው። ከሦስቱ ሁለቷ ማለት ነው። የሚጀመር መከላከያ ሁሉ ደግሞ ከመቶ 35 ያህሉ ዓመት ሳይሞላው ይቋረጣል። የሺህ ሴቶች አካል፣ ዕድሜና ኑሮ እንዴት በአንድ ልክ ተሰፋ? መርጠው ከሆነ እሰየው። ሌላ መኖሩን ሳይሰሙ ከሆነ ግን ያ ምርጫ አይደለም፤ ዕደላ ነው።

የደሙ ነገር

የሦስት ወሩ መርፌ ጠባይ አለው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደሙን ያዛባዋል፤ ባልታሰበ ቀን ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ውሎ አድሮ ደግሞ ጨርሶ ያስቀረዋል። ክብደት ሊጨምር ይችላል፤ ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ የአጥንትን ጥግግት ይቀንሳል። ካቆሙትም በኋላ ፅንስ ቶሎ አይመለስም፤ ከመጨረሻው መርፌ አንሥቶ በአማካይ 10 ወር ያህል ይፈጃል። ይህ ሁሉ በሐኪም መጽሐፍ የታወቀ ነው። አብዛኛውም ሴቲቱን የማይገድል፣ ቀድማ ብትሰማው የማያስደነግጣት ነገር ነው።

ሳትሰማው ሲመጣ ግን አስቡት። በከተማ «ትንሽ ደም መታየት» ተብሎ የሚታለፈው ነገር በደጋው ሌላ ትርጉም አለው። ደም ያለባት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ቅዳሴውን ከውጭ ትሰማለች። በሚካኤል ዕለት ውጭ፣ በማርያም ዕለት ውጭ፣ በበዓለ ወልድም ውጭ ከቆመች ሰው ይቆጥራል። ባል ይቆጥራል። በጎታ የሸሸገችውን ምሥጢር መርፌው ራሱ በደጀ ሰላም ያወጣባታል። ደሙ ሲቀርባት ደግሞ «የት ሄደ? በሆዴ ተጠራቅሞ ይገድለኝ ይሆን?» እያለች ሌሊቱን ስትጨነቅ ታድራለች። ከዚያ በቀጠሮዋ ትቀራለች። በቀረች በጥቂት ወር ታረግዛለች ወይም ልጅ ስትፈልግ ቶሎ አልመጣ ብሏት «መካን አደረጉኝ» ብላ ለጎረቤቷ ትናገራለች። ጎረቤቷም ለጎረቤቷ። ይህን ሁሉ ጥፋት አሥር ደቂቃ ያህል ምክር ባስቀረው ነበር።

«አይገባትም» የሚለው ሰው እዚህ ላይ መልስ ይስጠኝ። ይህች ሴት ጠላ ስትጠምቅ የጌሾውን፣ የብቅሉን፣ የድፍድፉን ቀን በልቧ ይዛ ነው። ጊዮርጊስ በ23፣ ማርያም በ21፣ ሚካኤል በ12 መሆኑን ያለ ቀን መቁጠሪያ ታውቃለች። ዓቢይ ጾም 55 ቀን መሆኑን ማንም አያስተምራትም። ሰባት ልጅ ወልዳ ለሌሎች ያዋለደችም ትኖራለች። የማኅፀን በር የት እንደሆነ ቢነገራት የማይገባት በምን ምክንያት ነው? የደምቢያ ገበሬ በቆላ ድባ የወባ ወረርሽኝ ባለቀ ማግሥት ጎንደር ላይ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ የተከፈተው እኮ ሰው በቀላል ቋንቋ ከተነገረው ይገባዋል ተብሎ ታምኖ ነበር። ስለ ትንኝና ስለ ረግረግ ለገበሬው የተነገረው ለሚስቱ ስለ ገዛ አካሏ ሲሆን ለምን ይከብዳል?

ጎንደር በዓለም ፊት

ሳያስረዱ መውጋት ምን ዓይነት መዘዝ እንደሚያመጣ ጎንደር አንድ ጊዜ ስሟ በዓለም ጋዜጦች እስኪነሳ ድረስ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 የእስራኤል ቴሌቪዥን አንድ ፕሮግራም አሰማ። ከአገራችን ወደ እስራኤል የሄዱ ከ30 የሚበልጡ ሴቶች ተጠይቀው ነበር። ከመካከላቸው በጎንደርና በአዲስ አበባ ጉዞ ሲጠብቁ «ካልተወጋችሁ አትሄዱም» እንደ ተባሉ፣ መርፌውም የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ እንደ ነበር የተናገሩ ነበሩ። ክትባት የመሰላቸውም እንደ ነበሩ ተነገረ። በሥራው የነበሩት ወገኖች ማንንም አላስገደድንም፣ ሴቶቹ ራሳቸው የመረጡት ነው ብለው ካዱ። በጥር 2013 የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ለአገሪቱ የጤና መድን ድርጅቶች ደብዳቤ ጻፉ፤ የሕክምናው ውጤት ላይገባቸው ይችላል ተብሎ ከተሠጋ መርፌው ለኢትዮጵያ ተወላጆች እንዳይታደስ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የመንግሥቱ ተቆጣጣሪ በማስፈራራት ወይም በጫና ለመሰጠቱ ማስረጃ አላገኘሁም ሲሉ አስታወቁ።

እኔ በዚህ ክርክር ዳኛ ልሆን አልችልም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። መገደድ አለመገደዳቸው ያከራክር ይሆናል፤ ስንቶቹ የሚወጉት ምን እንደሆነ ተረድተው እንደ ነበር በእርግጠኝነት የሚናገር አለመገኘቱ ግን አያከራክርም። ያ ባይሆን ኖሮ «ላይገባቸው ይችላል» የሚል ደብዳቤ ባልተጻፈ። ሴቲቱ ተረድታ መርጣ ቢሆን ኖሮ የትኛውም ጋዜጠኛ ቢጠይቃት ራሷ ምስክር ትሆን ነበር። ያልተጠየቀ ሰው ግን በኋላ «ተገድጄ ነው» ቢል ምን ብለን እንመልስለታለን?

ለቡና ቤቱ ተከራካሪ

ይህን ስጽፍ በሌላ በኩል አንድ ሰው ፈገግ ሲል ይታየኛል። ፒያሳ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ «አላልኩም? ፈረንጅ ዘራችንን ሊያጠፋ ነው!» የሚለው ነው። ወንድሜ፣ ቶሎ አትደሰት። ጥርጣሬህ ከባዶ እንዳልመጣ እመሰክርልሃለሁ። ለቆቡ እንኳ ስም ያወጣችው እንግሊዛዊት ሜሪ ስቶፕስ እ.ኤ.አ. በ1921 ለንደን ላይ ክሊኒኳን ስትከፍት የምትሰጠውን ቆብ «ፕሮ-ሬስ» ነበር ያለችው፤ «ለዘር ጥቅም» እንደ ማለት። ድሀውና ደካማው እንዳይዋለድ የምትመኝ ሴት ነበረች። በስሟ ይጠራ የነበረውና በአገራችንም ለዓመታት የሠራው ድርጅት ይህ ታሪኳ አሳፍሮት እ.ኤ.አ. በ2020 ስሟን ከስሙ አወጣው።

እንግዲህ የነገሩን ጅማሮ ይህን ያህል ካወቅን፣ መፍትሔው ምንድን ነው? ሚስትህ እንዳትሰማ ማድረግ ነው ወይስ ከአንተ ይልቅ አጥርታ እንድታውቅ ማድረግ? ሳያስረዱ የሚሰጡትም፣ ሳያስረዱ የሚከለክሉትም ያው አንድ ናቸው። ሁለቱም ማኅፀኑ የእሷ መሆኑን ረስተውታል። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ትላለህ። ይደግ። የሚወለደው ግን በእናቱ ዕድል ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው በዚያው ጥናት ከ100,000 ሕያው ልደት ጋር የ412 እናቶች ሞት ተመዝግቧል። ዕድሉን የምትከፍለው ማን እንደሆነች ንገረኝ። ደግሞስ የወንዱ ኮንዶም ቢኖር፣ ለወንድ የሚደረገው ቀላል ቀዶ ሕክምና ቢኖር፣ ስለ ዘር መጥፋት የምትጨነቀውን ያህል ስለ ድርሻህ ተጨንቀህ ታውቃለህ?

የቀበረ ያውጣ

ወደ መጀመሪያው ነገሬ ልመለስ። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ለሴቶች የሰጠውን መብት ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል። መርፌ ወይም እንክብል የሚል አንድ ቃል የለበትም። ያለው የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም ነው። ሕጉ ዕውቀቱን አስቀደመ፤ እኛ ዕቃውን አስቀደምን። ዕቃውንም ካደልን በኋላ የታደለውን ቆጥረን «የተጠቃሚ ቁጥር አደገ» ብለን አጨበጨብን።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ ቀበሌ ድረስ ወርደው እንዲቀብሩ ሠለጠኑ። መልካም ነበር። ማውጣቱን ግን በመጀመሪያ አልሠለጠኑትም፤ ለማስወጣት ጤና ጣቢያ መሄድ ነበረባት። ልብ አድርጉ፤ ሊቀብሩላት ደጇ ድረስ መጡ፤ ልታስወጣ ስትል ግን የሰዓታት መንገድ በእግሯ። በር ሲዘጋ ከውጭ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ቤቱ የማን ነው?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ያሉት ዘዴዎች ሁሉ ሳይዘረዘሩላት፣ የሚያመጡት ነገር በተለይም የደሙ ነገር በገዛ ቋንቋዋ ሳይነገራት አንዲት ሴት አትወጋ። ሁለተኛ፣ የቀበረ ያውጣ፤ በጠየቀችበት ቀን፣ ለምን ሳትባል። ሦስተኛ፣ በእጇ የሚሆን ነገር ይቅረብላት። ቆቡ ካልሆናት፣ ራሷ ከቆዳ ሥር የምትወጋው «ሳያና ፕሬስ» የሚባል አነስተኛ የሦስት ወር መርፌ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ሴቶች ራሳቸው እንዲወጉት ሐሳብ አቅርቧል። ይህ ቅንጦት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ድረስ ሲደርስ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ ግጭት ሲነሳ መንገድ መዘጋት ምን እንደሆነ ሰሜን ጎንደር በሚገባ አይቷል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ስታግድ በሰው እጅ ያለ ነገር በአንድ ፊርማ እንደሚቆም ዓለም ሁሉ አየ። ጤና ኬላው ሲዘጋ የሚዘጋ ምርጫ፣ ምርጫ አይደለም። በአራተኛ ደረጃ፣ ስንት ሴት ተወጋች ብለን የምንቆጥረውን ያህል፣ ስንት ሴት ተነግሯት «አይሆነኝም» አለች ብለን እንቁጠር። እምቢ የምትል ሴት ከሌለች እሺ ያለችውም ተጠይቃ እንዳልሆነ እወቁ።

አሁን ደግሞ ወደ ቆቡ። በገዳማቶቻችን ሥርዓት ቆብ ያለ አመክሮ አይደፋም። ሊመንኩስ የመጣ ሰው በሥራ ይፈተናል፤ በጊዜ ይፈተናል። የምንኩስናው ክብደት ይነገረዋል። ልቡ ካልቆረጠ ዛሬም ነገም በሩ ክፍት ነው፤ ተመልሶ ቢሄድ የሚነቅፈው የለም። ይህ ሁሉ ለምን ሆነ ቢሉ፣ ሰው የገዛ አካሉን የሚሰጥበት ውሳኔ ከራሱ ልብ ካልወጣ እንደማይጸና አባቶች ስላወቁ ነው።

ለመነኩሴ ራስ ይህን ያህል የተጠነቀቀ አገር ለሴት ማኅፀን አሥር ደቂቃ አጣ ቢባል ማን ያምናል? ቆቡም ይሁን መርፌው፣ ኪኒኑም ይሁን ሉፑ፣ አስቀድማ ትጠየቅ፤ አስቀድማ ትስማ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእሷ ነው።